ዘይቱን አልቀባም

አጎቴ ያገለገሉ መኪኖች ይሸጣል፤ እኔ የመኪኖቹን የውስጥ ፕላስቲክ እጠግናለሁ። እጠግናለሁ ስል የምሬን ነው። ለአጎቴ ግን ጥገና ማለት ዘይት የነካ ጨርቅ ነው። የተጫረ ዳሽቦርድ ሲያይ ጨርቁን ሸርተት ያደርግበታል፤ ፕላስቲኩ ያብረቀርቃል፣ ጭረቱም ይደበቃል። ሳምንት ሳይሞላ ዘይቱ ይደርቅና ጭረቱ ፍጥጥ ይላል። ያኔ መኪናው ተሸጦ ሄዷል።

አንድ ቀን ጠዋት የአንዲት ነጭ መኪና በር ከፍቶ አሳየኝ። የሆነ ሰው ዕቃ ሲጭንባት ነው መሰለኝ፣ የበሩ ፕላስቲክ ከመያዣው እስከ ግርጌው ተጭሯል።

«ቀባ ቀባ አድርጊውና ይሂድ። ገዢዋ ከምሳ በፊት ትመጣለች» አለኝ።

«ዘይቱን አልቀባም፣ ጋሼ። እጠግነዋለሁ።»

«ደግሞ ፕላስቲክ ይድናል እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ኮስተር አለ። «እሺ፣ ሞክሪ። ገዢዋ ጭረቱን ካገኘችው ግን ከጥገና ወጥተሽ እጥበት ትገቢያለሽ።»

ይህን ሙያ ለመልመድ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ባልዲ ተሸክሜ ልረሳው አልፈለግሁም።

በሩን በሳሙና አጠብኩ። የጭረቱን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት አለሳልሼ በስቱኮ ሞላሁት። ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው። የመኪና ፕላስቲክ እንደ ቆዳ ሽብሽብ አለው፤ የሞላሁት ቦታ ግን ልሙጥ ነው። ስለዚህ ከበሩ ግርጌ፣ ማንም ከማያየው ቦታ፣ የሽብሽቡን ቅርጽ በለስላሳ ጎማ ላይ አትሜ ወሰድኩና ስቱኮው ሳይጠነክር ጎማውን ተጫንኩበት። ሲደርቅ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ብፈልገው ጭረቱን አጣሁት። በራሴ ኮራሁ፣ ምን አለበት።

ቀለሙን ልቀላቅል ሄድኩ። ተመልሼ ስረጨው ቀለሙ ከፕላስቲኩ ላይ እየሸሸ፣ መርፌ እንደወጋው ሁሉ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆነ። ቀለም እንዲህ የሚሸሸው ዘይት ሲያገኝ ነው። ቀና ስል አጎቴ ጨርቁን ይዞ ቆሟል።

«አቧራ ነበረው፤ ልርዳሽ ብዬ ጠረግ አደረግሁልሽ» አለ።

ተንኮል አልነበረበትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ያገኘውን ፕላስቲክ ሁሉ ሲቀባ ኖሮ እጁ ለምዶበታል። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

በዚህ መሀል ገዢዋ ደረሰች። አዋላጅ ነርስ ናት፤ የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም። አጎቴ ፈጠን ብሎ የተበላሸውን በር ዘጋና በሌላው በኩል አስገባት። ሞተሩን አመሰገነ፣ ጎማውን አመሰገነ። ስለ በሩ ግን ትንፍሽ አላለም።

ሄጄ በሩን ከፈትኩት። «እህቴ፣ እዚህ ጋ ጭረት ነበረ። ስጠግነው ዘይት ነክቶት ቀለሙ ተበላሸ። አንስቼ እንደገና እሠራዋለሁ።»

ጎንበስ ብላ አየችው። «ስትጨርሱ ደውሉልኝ» አለችና ሄደች።

አጎቴ እስክትርቅ ጠበቀ። «አገኘችው።»

«አላገኘችውም። እኔ ነኝ ያሳየኋት።»

«ባልዲው እዚያ ነው» አለኝና ቢሮው ገባ።

ባልዲውን አነሳሁ፣ ቅባት የሚያስለቅቀውን ሳሙና ሳልሰስት ጨመርኩበት፣ ግቢው ውስጥ የቆሙትን አሥራ አንድ መኪኖች በራቸውን ወለል አድርጌ ከፈትኩ። ዳሽቦርዱን አጠብኩ፣ በሮቹን አጠብኩ፣ የማርሹን ዙሪያ አጠብኩ። ውሃው እየጠቆረ አምስት ጊዜ ደፋሁት። የቁልፉም፣ የጫማውም፣ የውሻ ጥፍሩም ጭረት አንድ ሳይቀር ፀሐይ ላይ ወጣ።

አጎቴ ከቢሮ ሲወጣ ክው አለ። በየመኪናው አንገቱን እያስገባ ዞረ።

«ምን አደረግሽ፣ አንቺ ልጅ?»

«እጥበት ግቢ አልከኝ፤ አጠብኩ።»

ቁና ቁና ይተነፍሳል።

«እንዲህ ሆነው አይሸጡም፣ ጋሼ፤ መጠገን አለባቸው። ዘይት ደግሞ እኔ እዚህ እስካለሁ አይነካቸውም።»

መልስ አልጠበቅኩም። ብርጭቆ ወረቀቴን ይዤ ነጯ መኪና ውስጥ ገባሁ።