ከአማቴ አልጋ ጎን ያለው ግድግዳ

በእኛ ቤት አማቴን፣ የባሌን እናት፣ በአፉ የሚጠራ ሰው አልነበረም። መስማት ካቆሙ ብዙ ዘመን ስለሆነ የምንጠራቸው ግድግዳውን እየመታን ነው። እኔና ልጄ ከሳሎን በኩል በጡጫ፣ ባሌ ደግሞ ከቤቱ ጀርባ ካለችው የዕቃ ክፍሉ በመፍቻ እንደበድባለን። አማቴ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው መዳፋቸውን ከግድግዳው ስለማይለዩ ንዝረቱ ይነግራቸዋል። "መጣሁ፣ መጣሁ! ቤቱን አታፍርሱት!" እያሉ ይወጣሉ።

ማን እንደመታ ሳይቀር ያውቁ ነበር። ልጄ ስትመታ "ይቺ ቁንጫ" ይላሉ። እኔ ስመታ "ዛሬ ደግሞ በማን ተናዳ ነው?" ይላሉ። ልጃቸው ሲመታ ግን ምንም አይሉም፣ ፊታቸው ብቻ ይፈካል። ባሌ የቧንቧ ሠራተኛ ነበር፤ ክንዱ ብርቱ ስለሆነ እሱ ሲመታ መደርደሪያው ላይ ያለ ብርጭቆ ሁሉ ይንጫጫል። ወደዚህ ቤት ስገባ ስለዚህ ጉዳይ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ የመጀመሪያው ሰሞን በድንጋጤ ልሞት ነበር። ጎረቤትማ በየቀኑ የምንደባደብ ይመስለው ነበር።

ምድር የተንቀጠቀጠችው ረፋድ ላይ ነው። እኔ ልጄ የምትማርበት ትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ልጆቹ ለእረፍት ሜዳ ላይ ስለነበሩ ተረፍን። ባሌ ማለዳ የወጣው ከከተማው ዳር በመገንባት ላይ ወዳለው ሆስፒታል ነበር። ያ ሆስፒታል ገና ቀለም ሳይቀባ፣ ታጥፎ እንደተቀመጠ ብርድ ልብስ አንዱ ፎቅ ባንዱ ላይ ተኛ። ከጀርባችን የነበረው የጎረቤት ፎቅም ተንዶ የባሌን የዕቃ ክፍልና የኋላውን መተላለፊያ ቀበረው። የእኛ ቤት ተሰነጣጠቀ እንጂ አልወደቀም። አማቴ ከነአልጋቸው፣ አቧራ ለብሰው ተገኙ።

ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀኖች እኔ የሆስፒታሉ ፍርስራሽ ላይ ነበርኩ። በአካፋ ቆፈርን፤ አካፋው ሲሰበር በእጃችን ቆፈርን። በሬዲዮ እርዳታ በመንገድ ላይ ነው ይላሉ፤ መንገዱ ራሱ ገደል ገብቶ በየት መንገድ ላይ እንደሆነ እንጃላቸው። ያወጣነውን ሁሉ ፊቱን እየጠረግን እናያለን። ባሌ የለም።

እኔና ልጄ ድንኳን ሰፈር ገባን፤ አማቴ ግን አልሄድም አሉ። "ልጄ ሲመጣ የት ብሎ ይጥራኝ?" ነው መልሳቸው። ቀን ቀን ወደ መንገዱ ብቅ እያሉ ይጮሃሉ፦

"አሁንም ይንቀጠቀጣል! ግድግዳው አላረፈም! ልጆቻችሁን አውጡ!"

እውነትም ምድር አልፎ አልፎ ትንቀጠቀጥ ስለነበር መጀመሪያ ሰው ሁሉ ይሮጥ ነበር። በኋላ ግን እሳቸው ሲጮሁ ባልዲ ውስጥ ያለው ውሃ እንኳ እንደማይነቃነቅ ታየ። ሰው በመከራም ውስጥ ቢሆን መሳቂያ አያጣም። "የርዕደ መሬት ቢሮ" የሚል ስም ወጣላቸው። "ቢሮው ዛሬ ምን አለ?" ይባባላል መንደሩ። አንድ ቀን ልብስ ልቀይር ስገባ እኔንም ክንዴን ይዘው መዳፌን ግድግዳው ላይ አስቀመጡት።

"ይሰማሻል?"

ውጭ ጄኔሬተር ይጮሃል፣ ሰው ያለቅሳል። እጄ ቆስሎ ተጠቅልሏል። ምንም አልተሰማኝም።

"ድካም ነው፣ እማማ። ትንሽ ይተኙ" አልኳቸው።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ቆመው "ተመስገን፣ ምድር አረፈች" አሉ። ቀልዱ ቀረና ሰው ሁሉ ደስ አለው። እሳቸውን አምኖ የዚያኑ ዕለት ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ከሁሉም አቅጣጫ ይሸት ነበር። ይሄ ሽታ ከየት ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ወራት አለፉና "መልሶ ግንባታ" የሚባል ነገር መጣ። መጀመሪያ የመጣው ሲሚንቶ አይደለም፣ ቀይ ቀለም ነው። ባለ ቆርቆሮ ኮፍያ ሰዎች እየዞሩ የሚፈርሰው ቤት ላይ ምልክት ያደርጋሉ። የእኛም ቤት ተቀባ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ አሮጌው ቤት ፈርሶ ፍርስራሹ ካልተነሳ አዲሱ ቤት አይሰጥም፤ ብሎኬቱ የሚሠራው ከዚያው ከተፈጨው ፍርስራሽ ነውና። ለከተማው ሁሉ ያለው አንድ ኤክስካቫተር ነው። እሱም ግማሹን ጊዜ ነዳጅ ሲጠብቅ ይውላል። እኔ ትምህርት ቤቱ ስለፈረሰ ፍርስራሽ ከሚያነሱት ሴቶች ጋር ተቀጠርኩ። ከብሎኬት ላይ ሲሚንቶ እናራግፋለን፣ የተጣመመ ብረት እናቃናለን። ሌላው አገር የሚጥለውን እኛ አቃንተን አገር እንሠራበታለን። ምን ይደረግ፣ ከየት ይምጣ?

ተራችን ደረሰ። አማቴ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያሉት አማቴን ስላላዩ ነው። ነገር የሚያነቡት ከከንፈር ስለሆነ የማይጥማቸውን ወሬ ስጀምር ዓይናቸውን ጭፍን ያደርጋሉ። በቃ፣ አለቀ። ከተጨፈነ ዓይን ጋር ማን ይከራከራል?

ልጄ ደግሞ ድንኳን ውስጥ ማሳል ጀመረች። ድንኳኑ ሌሊት ይንጠባጠባል፣ ቀን ይታፈናል። ነርሷ ደረቷን አዳምጣ ስታበቃ ወደ ውጭ ጠራችኝ።

"ክረምቱን እዚህ ካሳለፈች አትችለውም" አለችኝ። "ጣሪያ ፈልጊላት።"

ሰማዩ መጥቆር ጀምሯል። ተራችን ካለፈ ደግሞ ማሽኑ የሚመለሰው ከዝናቡ በኋላ ነው። ደሜ ፈልቶ አማቴ ዘንድ ሄድኩ።

"እማማ፣ ቤቱ መፍረስ አለበት።"

"ልጄ ሳይመጣ?"

"ልጅዎ..." አልኩና አቃተኝ። እንኳን ለእሳቸው፣ ለራሴም ብዬው አላውቅም።

"አንቺ ቆርጦልሻል። አልፈርድብሽም፣ ልጅ አለሽ" አሉኝ። "እኔም ልጅ አለኝ። ሲመጣ የሚመታው ይሄን ግድግዳ ነው። ሌላ ቦታ ብሄድ በምን ያገኘኛል?" ይሄን ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ተናድጄ ወጣሁ። ልጄን ከድንኳኑ አዝዬ አመጣኋትና አልጋቸው ላይ አስቀመጥኳት። የአማቴን እጅ ከግድግዳው ላይ በግድ አላቅቄ የልጅቷ ጀርባ ላይ አኖርኩት። ልጄ ሳለች። ደግማ ሳለች። አማቴ ዓይናቸውን ሳይገልጡ መዳፋቸውን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አመላለሱ። ፊታቸው ተለወጠ።

"ይሄኛው ግድግዳ ሊወድቅ ነው" አሉ።

ተነሥተው ፍራሻቸውን መጠቅለል ጀመሩ። በአዲሱ ቤትም አልጋቸው ከግድግዳ ጎን እንዲሆን ብቻ አስማሉኝ። ማልኩላቸው።

በማግስቱ ኤክስካቫተሩ መጣ። ኦፕሬተሩን "ቀስ በቀስ" እንለዋለን። ያን ክፉ ሰሞን ስንቱን ካወጣ በኋላ ማሽኑን እንደ ማንኪያ ነው የሚይዘው። የጎረቤቱ ክምር ቤቱ ላይ እንዳይናድ ብሎ ከኋላ ጀመረ። አማቴና ልጄ ከመንገዱ ማዶ ፍራሹ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ብረት እለቅማለሁ።

ትልቁን የኮንክሪት ጠፍጣፋ አነሳና ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ወደ እኔ መጣ።

"እህቴ፣ ብቻሽን ነይ" አለኝ።

ክምሩን ዞሬ አየሁ። ጠፍጣፋው ወድቆ የዕቃ ክፍሉ ጥግ ላይ ተደግፎ አንድ ሰው የሚያስተኛ ክፍተት ትቶ ነበር። የሥራ ካፖርቱ ይታየኛል። እግሩ ከወደቀ ተሸካሚ ምሰሶ ሥር ነው። ከጎኑ ውሃ የሚያስቀምጥበት ጀሪካን ተጋድሟል፤ ባዶ ነው። እጁ አጠገብ እጀታው በቀይ ፕላስተር የተጠቀለለ መፍቻ አለ። ፕላስተሩን እኔ ራሴ ነኝ የጠቀለልኩለት። ምን ረስቶ ወደ ቤት እንደተመለሰ አሁንም አላውቅም። የዕቃ ክፍሉ በር ወደ ኋላው መተላለፊያ ስለሆነ ሲገባ ያየው ሰው የለም። እኛ ሆስፒታሉን በጥፍራችን ስንቆፍር እሱ እዚህ ነበር።

"ግድግዳውን እዪው" አለኝ ኦፕሬተሩ።

ዝቅ ብሎ፣ የተኛ ሰው እጁ በሚደርስበት ቦታ፣ ልስኑ ተፈርክሶ ብሎኬቱ ድረስ ተቦርቡሯል። ጉድጓዱ አንድ ጡጫ ያስገባል። በዚያኛው በኩል የአማቴ አልጋ ነው፤ ትክክል ትራሳቸው አጠገብ።

አልጮህኩም። መጮህ ፈልጌ ነበር። ምድርንም፣ ፎቁን የሠራውንም፣ እኔንም፣ "ቢሮው ምን አለ" እያለ የሳቀውን ሁሉ መርገም ፈልጌ ነበር። እሳቸው እውነታቸውን ነው። ግድግዳው አላረፈም ነበር። ያ ብርጭቆ የሚያንጫጫ ክንድ በተሸካሚ ሥር ሆኖ እንዴት አድርጎ ይምታ? እናቱ እንኳ የልጃቸው መሆኑን እስኪስቱ ድረስ ደክሞ ነበር የሚመታው። "ምድር አረፈች፣ ተመስገን" ያሉበት ቀን ትዝ አለኝ።

ቀና ስል አማቴ ከፍራሹ ተነሥተው መንገዱን እያቋረጡ ነው።

"አንሱትና ግድግዳውን አፍርስልኝ" አልኩት።

"አሁን? ሰውየው ገና..."

"ወንድሜ፣ በሞትኩልህ። ሳያዩት አፍርሰው።"

ሴቶቹ ምሰሶውን በብረት ፈንቅለው፣ ነጠላቸውን አንጥፈው ባሌን አነሱት። መፍቻውን ቀሚሴ ውስጥ ሸሸግሁት። ኦፕሬተሩ ማሽኑ ላይ ዘለለ። በሕይወቱ ያን ቀን ብቻ ነው የቸኮለው። ግድግዳው አንዴ ሲነካ ተሰነጠቀ፣ ሲደገም ዱቄት ሆነ። አማቴ ሲደርሱ አቧራው ገና አልረገበም። የተሸፈነውን አዩ፣ ካፖርቱን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"የት ነበር?"

"እዚህ፣ ዕቃ ክፍሉ። ፎቁ ሲወድቅ ወዲያው ነው ያለፈው፣ እማማ።"

"ድገሚልኝ።"

"ወዲያው። ምንም ሳያውቅ።"

ከንፈሬን እንደዚያ ትኩር ብለው አይተውት አያውቁም። ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ። ልቤ ሊወጣ ደርሷል። መፍቻው እዚያው ሥር፣ ጎኔ ላይ ይቀዘቅዘኛል። ወደ ኋላ መሸሽ አልቻልኩም። ቆይተው ቆይተው እጃቸውን አነሱ።

"እሺ" አሉ።

ቀበርነው። ከዝናቡ በፊት አዲሱ ቤት ተሰጠን። ሁለት ክፍል ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው ግራጫ ብሎኬት። ብሎኬቱ ከየትኛው ቤት ፍርስራሽ እንደተፈጨ የሚነግረን የለም፤ እኛም አንጠይቅም። ልጄ ሳሏ እየቀነሰ መጣ። መፍቻውን ጣሪያው ሥር ደበቅሁት። ለአማቴ ማንም ምንም አልነገራቸውም፣ ቀስ በቀስም፣ ሴቶቹም፣ እኔም። አልጋቸውን እንደማልኩላቸው ከግድግዳው ጎን አደረግነው።

የመጀመሪያው ቀን ምሳ ሲቀርብ ልጄ እንደ ድሮዋ ግድግዳውን በጡጫ ደለቀች። "ቤቱን አታፍርሱት" የሚል አልተሰማም። አማቴ ከክፍላቸው ወጡ፤ በገበታው አጠገብ፣ በእኛም አጠገብ አልፈው በሩን ከፍተው ወጡ። በመስኮት አየኋቸው። ቤቱን ዞረው ወደ ጀርባ ሄዱ። እዚያ ባዶ መሬትና ጥቂት የተረፈ ብሎኬት ብቻ ነው ያለው። አጎንብሰው ከግድግዳው ሥር አዩ፣ ብሎኬቶቹን አንድ ባንድ ገለጥ ገለጥ አደረጉ፣ ከዚያ ተመልሰው ገቡና እጃቸውን ታጥበው ተቀመጡ።

ልጄ ፊታቸው ላይ ቆማ ከንፈሯን ጎላ አድርጋ ተናገረች።

"አያቴ፣ እኔ እኮ ነኝ የመታሁት።"

"አውቃለሁ፣ የኔ ቁንጫ" አሏት ዳቦውን እየቆረሱ። "ለማንኛውም ብዬ ነው።"