ራጃ ከናንጋ ያልተቀመጠችበት ስጋጃ

የቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች ራጃ ከናንጋን «ዙፋን የሸሸች ሴት» ይሏታል። ከብዕር የከበደ ነገር አንስተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። በልጅነቷ ለእርቅ ተብላ ለማታውቀው ንጉሥ የተዳረችው እሷ ናት። ባሏ በጦር ሜዳ ሲወድቅ የወደብ ከተማዋን ኳላ ረንጋስን ይዛ ከፖርቱጋል መርከቦች ጋር የተታኮሰችው እሷ ናት። የባሏ ወንድም ሲያባርራት በጀልባ ከደሴት ደሴት ተንከራታ፣ ተመልሳ ከተማዋን ያስለቀቀችውም እሷው ናት። ከዚያ በኋላ ዙፋኑን ለታናሽ ወንድሟ ሰጥታ ከወንዙ ማዶ ዱሪያን የሚባል እሾሃም ፍሬ ያለው ዛፍ ተከለች። ይህን ሽሽት የሚል ሰው ዱሪያን በልቶ አያውቅም።

ወንድሟ ሞቶ ሐዘኑ ያበቃ ዕለት፣ ጠዋት በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ፍሬው እስኪወድቅ ትጠብቅ ነበር። ዱሪያን ከዛፉ አይቆረጥም፤ ሲበስል ራሱ ይወርዳል። ከዚህ የተሻለ ሥራ በዕድሜዋ አላገኘችም።

«ጀልባዎች መጡ» አለች ማክ ምላቲ፣ በስደቱ ሁሉ ያልተለየቻት አገልጋይ። «ሚኒስትሩ ዳቶ ጀላል ነው። የንግሥናውን ነጋሪትና ቢጫ ስጋጃ ጭኗል።»

«ከእኔ ምን ይፈልጋል?»

«እርስዎን ነዋ። አሮጊት ንግሥት ዙፋን ላይ ታንቀላፋለች፤ ሚኒስትሩ ደግሞ ይገዛል።»

የሟቹ አንድያ ልጅ ዳሊማ ከውስጥ ወጣች። አባቷ በታመመ ጊዜ የወደቡን ነጋዴዎች ስትዳኝ የነበረች ልጅ ናት።

«ዙፋኑን ትፈልጊዋለሽ?» አለቻት ከናንጋ በዝግታ፣ ወደ ጀልባዎቹ እያየች።

«እፈራዋለሁ አክስቴ። ግን እፈልገዋለሁ።»

«መፍራትሽ ደግ ነው። ያልፈራ ሰው እዚያ ላይ ሲቀመጥ አይቻለሁ፤ ከተማችን ተቃጠለች።»

የዳቶ ሰዎች ስጋጃውን በረንዳው ላይ ዘረጉ። ነጋሪት መቺዎቹ እንደ ልማዳቸው ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ፤ የሚነግሠውን ፊት ማየት አይፈቀድላቸውም።

«ግርማዊት ሆይ፣ አገሩ ያለ እናት ቀረ» አለ ዳቶ።

«ይሄን ሁሉ ዓመት ጉልበቴን ሲያመኝ፣ እናቴ እንዴት አደርሽ ያለኝ ሰው የለም።»

«ይቀልዳሉ።»

«አንተስ? ዳሊማ እያለች እኔ ዘንድ መምጣትህ ቀልድ አይደለም?»

«እሷን ከባሕሩ ማዶ ላለው ጌታ ሰጥተናታል። ደግሞም ግትር ናት፤ ባል ያረጋጋታል።»

የራጃ ከናንጋ ደም ፈላ። ስለ እሷም ልክ እንዲህ ተብሎ ነበር፤ ያኔ እሺ ብላ ሄዳለች። ቁጣዋን ግን ዋጠችው።

«እንግዲያው ነጋሪቱ ይጎሰም። ዳሊማ ደግፋ ታስቀምጠኛለች።»

ዳቶ በደስታ አጨብጭቦ ለመቺዎቹ ምልክት ሰጠ። በኳላ ረንጋስ ነጋሪት አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም፤ ሲጎሰም ስጋጃው ላይ የተገኘ ይነግሣል፣ ቆሞ የተገኘ ከሃዲ ይባላል። ዳቶ ሕጉን ከማንም በላይ ያውቃል። የማያውቀው ዙፋን ሲሰጡት እንቢ የሚል ሰው መኖሩን ነው።

ነጋሪቱ ተጎሰመ። ከናንጋ በዳሊማ ተደግፋ እስከ ስጋጃው ጠርዝ ሄደች። እዚያ ስትደርስ የልጅቱን ትከሻ ይዛ ስጋጃው ላይ አስቀመጠቻት። ራሷ ጉልበቷ እየተንቋቋ ከጠርዙ ውጭ ተንበረከከችና ግንባሯን ከጣውላው አስነካች። ማክ ምላቲ ተከተለች፤ የዳቶ ሰዎችም ተከተሉ። መቺዎቹ ዞር ብለው ሳያዩ ይጎስማሉ።

«ዳቶ» አለች ከናንጋ ቀና ሳትል፣ «ቆመሃል እኮ።»

ዳቶ ጀላል ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ተንበረከከ።

ጀልባዎቹ አዲሷን ንግሥት ይዘው ሲርቁ፣ ዳሊማ ቀና ብላ፣ ማንም ሳይደግፋት ተቀምጣ ነበር። ከጓሮ አንድ ነገር ዱብ አለ።

«ጉልበትዎስ?» አለች ማክ ምላቲ።

«ጉልበቴን ተይው። ሮጥ በይና ያቺን ዱሪያን አምጪልኝ፣ ጦጣ ሳይቀድመን።»