ራሱ እንዲነሳ

«በገዛ ሠርጉ ቀን እኮ ኬክ ሳይቆረስ ላፕቶፕ የከፈተ ሰው ነው!» አለ ተሻለ ዓይኑን እየጠረገ። «አቤኔዘር ባይኖር የስንቶቻችን ምግብ ቤት ይዘጋ ነበር!»

ለቀስተኛ መቼም የሟችን ደግነት ሲያወራ አይደክመውም። ኤዶም ባሏን አቤኔዘርን ከቀበረች ሁለተኛ ቀኗ ነው፤ ካምፓላ፣ ሜንጎ ሰፈር ያለው ቤታቸው ሰው ጢም ብሎበታል። የካምፓላ ሐበሻ ምግብ ቤቶች ትእዛዝ የሚቀበሉበትን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ፕሮግራሙ የሚሠራበትን፣ ጀርመን አገር የተከራዩትን የሊኑክስ ሰርቨር የሚነካው ግን እሱ ብቻ ነበር።

የተሻለ ስልክ ጮኸ። አዳምጦ ሲጨርስ ፊቱ ተለወጠ። «ኤዶምዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ... ትእዛዝ መግባት አቁሟል አሉኝ። ምግብ የሚያደርሱት ባለሞተር ቦዳዎች በር ላይ ቆመዋል።»

«ልየው» አለችና የአቤኔዘርን ላፕቶፕ ይዛ መኝታ ቤት ገባች።

አዲስ ነገር አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በየጊዜው ይቆም ነበር። «ፕሮግራምሽ ነው የሚወድቀው፣ የኔ ቆንጆ» ይላታል እየሳቀ፤ «እኔ ባልኖር ምን ይውጥሽ ነበር?» ገና እጮኛሞች ሳሉ ናይሮቢ ያለ ድርጅት ለሥራ በደብዳቤ ሲጠራት፣ ስታመነታ ሰንብታ እንቢ ያለችውም በዚሁ ነው። የራሷ ሥራ ያልጸናላት ሴት የሰው ሥራ ምን ብላ ትረከባለች?

ሰርቨሩ ውስጥ ገባች። አከራዮቹ ለጥገና አጥፍተው አብርተውታል። ስህተት ፈለገች፤ የለም። ፕሮግራሟ አልወደቀም፤ ተነሳ ያለው የለም እንጂ። ሊኑክስ ላይ «ስታርት» ማለት አሁን ተነሳ ነው፤ «ኢኔብል» ማለት ግን ማሽኑ ጠፍቶ በበራ ቁጥር ማንም ሳይቀሰቅስህ ተነሳ ማለት ነው። ይህን ጀማሪም ያውቀዋል። ረስቶት ይሆን? አቤኔዘር ለማሽኑ የሰጣቸውን ትእዛዞች መዝገብ ከነቀናቸው ከፈተች።

አልረሳም። መጀመሪያ «ኢኔብል» ብሎታል። የናይሮቢው ደብዳቤ በደረሳት ማግስት «ዲሴብል» አለው፤ ራስህ አትነሳ። ከዚያ ማሽኑን በገዛ እጁ አጥፍቶ አበራው፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ «ስታርት»። በወሩም እንደዚያው። በሠርጋቸው ቀንም እንደዚያው።

«ውሸታም!» አለች ጮክ ብላ። ጠይቃ የምትጣላው ሰው እንኳ የላትም።

«ኢኔብል» ብላ ጻፈች። ሰርቨሩን ራሷ አጥፍታ አበራችና እጇን ከኪቦርዱ አንስታ ጠበቀች። ፕሮግራሟ ማንም ሳይነካው ተነሳ።

ሳሎን ስትመለስ ተሻለ ስልኩን ይዞ ቆሟል። «ገባ! ትእዛዙ ገባ! አቤኔዘር ነፍሱን ይማረው፣ ሞቶም አልጣለንም!»

«እሱ አይደለም» አለች ኤዶም። «እኔ ነኝ።»

«ተዉአት፣ ሐዘኑ ነው» አሉ ጎረቤቷ እትዬ እታፈራሁ፣ አጠገባቸው እያስቀመጧት።

ኤዶም ለሐዘን ጥለቱን ወደ አንገቷ አዘቅዝቃ የለበሰችውን ነጠላ ፈታች፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ እንደ ደህና ቀን ለበሰችው።

«ልጄ፣ ተሳሳትሽ እኮ» አሉ እትዬ እታፈራሁ በሹክሹክታ፤ መልሰውም አዘቀዘቁላት።

«አልተሳሳትኩም፣ እትዬ።» እንባዋ እየወረደ እንደገና ገለበጠችው።