ኖራ የተቀቡ ድንጋዮች

ነጭ ድንጋይ ኖራ የሚቀባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ኪት ረንድል ይባላል። የሚስማርና የቀለም ሱቅ አለው፤ የከተማችን የዊሎው ሪፍ የታሪክ ማኅበር ሊቀመንበርም እሱ ነው። በበዓል ቀን፣ ሰው ሁሉ ወርቅ ፍለጋ ወደዚህ በጎረፈበት ዘመን ይለበስ የነበረ ሰደርያ ለብሶ፣ የውሸት ጢም ለጥፎ፣ ወርቅ እንዴት እንደሚታጠብ ለእንግዶች ያሳያል። ኪት በሕይወቱ ወርቅ አጥቦ አያውቅም። ያጠበው ነገር ቢኖር መኪናውን ነው።

በዚያ ዓመት ደግሞ ከተማችን ለጽዱ ከተሞች ውድድር ተመዘገበችና የውድድሩም ኮሚቴ ሰብሳቢ ኪት ሆነ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! አጥር ሁሉ ይቀባ አለ። የዛገ ነገር ሁሉ ይነሳ አለ። አያቶቻችን ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ይፈጩበት የነበረውን የብረት መውቀጫ ሳይቀር ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሰጠው። በምትኩ አካፋ የያዘ አንድ የፕላስቲክ ወርቅ ቆፋሪ ሐውልት አምጥቶ መንገድ ዳር አቆመ። ይህን ሁሉ ዝም ብዬ አየሁ። ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤ የራሴ ሥራ አለኝ።

አንድ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ፊት ለፊት ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ ላይ አዲስ የጽጌረዳ መደብ ተሠርቷል። ዙሪያውን ድንጋይ ተደርድሮ፣ ድንጋዩ ኖራ ተቀብቶ፣ ዓይን ይወጋል። ነጭ ድንጋይ በእኛ አገር ብርቅ አይደለም። የድሮዎቹ ወርቅ ቆፋሪዎች ከምድር ሆድ እያወጡ፣ እየሰባበሩ፣ ወርቅ ሲያጡበት የጣሉት በየሜዳው ተከምሯል። ስለዚህ ልቤም አልጠረጠረ። ለማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ዳቦ ላደርስ ስሻገር ግን አንዱ ትልቅ ድንጋይ እግሬን አደናቀፈኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አናቱ ላይ በአውራ ጣት የተጫኑት ሊጥ ይመስል ጎድጎድ ብሏል። በቁልፌ ፋቅ አደረግሁት። ከኖራው ሥር እንደ ዝገት የቀላ መስመር ብቅ አለ። ያን ድንጋይ አውቀዋለሁ። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ኢኒድ ትሬምባዝ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። ሥራ በጠፋበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ እሳቸውና ባላቸው ዋልተር ገና ለጋ ሳሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሸለቆ ውስጥ ድንኳን ተክለው የድሮዎቹ ያጠቡትን አፈር መልሰው እያጠቡ ይኖሩ ነበር። የመጀመሪያ ልጃቸው እዚያ ድንኳን ውስጥ ተወለደ፤ እዚያው ድንኳን ውስጥ ሳል ይዞት ሞተ። ክርስትና አልተነሳም ነበርና የጊዜው ቄስ ከመቃብሩ አጥር ውስጥ አይገባም አሉ። ዋልተር ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር ቆፍረው ቀበሩት። ነጭ ድንጋይ እየመረጡ ዙሪያውን ደረደሩለት። ጎድጓዳውን ድንጋይ ከራስጌው አደረጉት። ወፎች ልጁን እንዲጠይቁት ኢኒድ ጉድጓዷ ላይ ውኃ ያኖሩ ነበር። ሌላ ልጅ አልወለዱም።

በየዓመቱ ነሐሴ ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ ግራሩ ቢጫ አበባውን ሲያወጣ፣ በዳቦ መኪናዬ እወስዳቸዋለሁ። ድንጋዮቹን በጨርቅ ይወለውላሉ፤ ውኃውን ይሞላሉ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ፦

«ዋልተር መቃብር ቦታው ውስጥ ከእናቱ ጋር ነው። ሰው አለው። ይሄ ልጅ ግን ማንም የለው። ስሞት አስከሬኔን አቃጥላችሁ አመዴን እሱ ጎን አድርጊልኝ። ቃል ግቢልኝ፣ ቤሪል።»

ቃል ገባሁ። እንግዲህ ማዘጋጃ ቤት ደጅ መሬት ላይ ተቀምጬ የማስበው ያንን ነበር።

ዳቦውን እዚያው ጥዬ ኪት ሱቅ ገባሁ። ከኪት ጋር አንድ ክፍል ነው የተማርነው፤ አንፈራራም።

«ኪት፣ እነዚያን ድንጋዮች ከየት ነው ያመጣሃቸው?»

«ቆንጆ ናቸው አይደል?» አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። «ከሸለቆው ነው። ለዳኞቹ የእግር መንገድና የመኪና ማቆሚያ እያዘጋጀን ሹፌሩ ኮል በግሬደር መሬቱን ሲደለድል አገኛቸው። የድሮ ድንኳን ምድጃ ነው፤ አደራደሩን ብታዪው!»

«ምድጃ አይደለም። መቃብር ነው። የሚስስ ትሬምባዝ ልጅ መቃብር።»

ፊቱ ነጣ አለ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«እኛ በያዝነው የመቃብር ካርታ ላይ እዚያ ቦታ ምንም የለም እኮ።»

«ካርታህ ላይ ስለሌለ አልሞተም ማለት ነው?»

«ቤሪል፣ ቀስ ብለሽ ተናገሪ፤ ደንበኛ አለ።»

«ደንበኛህም ይስማ! አንተ ነህ የታሪክ ሰው? ነጭ ድንጋይ ነጭ የምትቀባ?»

«ሐሙስ ዳኞቹ ይመጣሉ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሐሙስን ብቻ አሳልፊልኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አስመልሳቸዋለሁ። እናቴ ትሙት!»

«የት ነው የምታስመልሳቸው? መሬቱን ደልድለኸዋል እኮ!»

አንድ የቀለም ቆርቆሮ አነሳና መልሶ እዚያው አስቀመጠው። ይህን ጊዜ ነው የምር የተቃጠልኩት። ሰው ሲሳሳት ይሳሳታል፤ እኔም ስንት ዳቦ አሳርሬያለሁ። ያንገበገበኝ ግን ሰውዬው መቃብር ማፍረሱን እየሰማ ስለ ሐሙስ ማሰቡ ነው።

ለኢኒድ መንገር ነበረብኝ። ድንች እየላጡ አገኘኋቸው። ስነግራቸው ቢላዋውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ታጥበው አደረቁ።

«ባርኔጣዬን አቀብዪኝ» አሉ።

ሸለቆው ሜዳ ሆኗል። ግሬደሩ እንደ ጠረጴዛ አስተካክሎታል። አዲስ የቆሻሻ መጣያ ቆሟል፤ «መኪና ማቆሚያ» የሚል ምልክት ተተክሏል። ባሕር ዛፉም የለም፤ እይታ ይከልላል ተብሎ ተቆርጦ፣ ጉቶው ተነቅሎ፣ ጉድጓዱ ተደፍኗል። ኢኒድ በዘንጋቸው መሬቱን እየነኩ ሄዱ። «እዚህ ነው» አሉ። ቆም አሉና ዞረው ኮረብታውን አዩ። «አይ፣ ወደዚያ ነው መሰለኝ።» ሄደው ደግሞ ተመለሱ። «ቤሪልዬ፣ አንቺስ የት ይመስልሻል?» አሉኝ። ዘመናቸውን ሙሉ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያገኙትን ቦታ እኔን ጠየቁኝ። እኔም አላወቅሁትም። ከሐዘኔ ንዴቴ በለጠ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ «እነዚያ ድንጋዮች የት ናቸው አልሽኝ?» አሉ።

«ማዘጋጃ ቤቱ ደጅ። ጽጌረዳ ዙሪያ። ዛሬውኑ በጋሪ ጭኜ አመጣልዎታለሁ፤ ማንም አያስቆመኝም!»

«አይሆንም። እንዳትነኪያቸው። ሐሙስ ወንበር ተሸከሚልኝ።»

ሐሙስ ከተማው ሁሉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የነሐስ ባንዱ ይነፋል፤ ኪት ሰደርያውንና ጢሙን አድርጎ ዳኞቹን ከበር በር ያዞራል። እኔ የኢኒድን የወጥ ቤት ወንበር ተሸክሜ አደባባዩን አቋረጥኩ። ኢኒድ ጥቁር ባርኔጣቸውን አድርገው፣ በዋልተር ቀብር ቀን የለበሱትን ካፖርት ለብሰው ከኋላዬ ይከተላሉ። ወንበሩን ጎድጓዳው ድንጋይ አጠገብ አስቀመጥኩ። ተቀመጡ። ከቦርሳቸው ጠርሙስ አወጡና ድንጋዩ አናት ላይ ውኃ አደረጉ።

ኪት አይቶን ዳኞቹን ወደ ሌላ በኩል ሊያዞር ሞከረ። አንደኛው ዳኛ ግን፣ ረጅም ጨዋ ሰውዬ፣ ቀጥ ብሎ መጣ።

«እንደምን ዋሉ፣ እናቴ? ይህን አበባ የሚንከባከቡት እርስዎ ነዎት?»

«አይደለሁም። ልጄን ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

«እዚህ ማዘጋጃ ቤት ነው የሚሠራው?»

«የለም፤ እዚህ ነው የተኛው።» በዘንጋቸው ጽጌረዳውን አሳዩት። «ሸለቆው ውስጥ ነበር የቀበርነው። ይሄ ባለ ጢሙ ድንጋዮቹን አንስቶ ወደ ከተማ አስገባቸው። ለከተማው ውበት ነው አሉ።»

ባንዱ መንፋቱን አቆመ። ሰውዬው ቀስ ብሎ ባርኔጣውን አወለቀ። ኪት እየተንደረደረ መጣ፤ ላቡ ጢሙን አላቆት ባንድ በኩል ተንጠልጥሏል።

«ሚስስ ትሬምባዝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አሁኑኑ... አሁኑኑ አስመልሳቸዋለሁ።»

«እሺ መልስ፣ ኪት። የት እንደነበረ አሳየኝና መልስ። እኔ እናቱ ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ አንተ ካገኘኸው ጎበዝ ነህ።»

ኪት አንገቱን ደፋ።

«ካላገኘኸው እንግዲህ ልጄ ድንጋዮቹ ያሉበት ነው ያለው» አሉ። «ምልክቱ ይኸው ብቻ ነው። የሚነቅል ካለ መጀመሪያ እኔን ከነወንበሬ ያንሳ።»

የሚነቅል አልተገኘም። ግሬደሩን የነዳው ኮል ከሕዝቡ መሐል ወጥቶ መጣ። ዘላለም ራሱ ላይ የማትጠፋውን የተቀደደች ቆብ አወለቀ። «ሚስስ፣ እኔ ነኝ የደለደልኩት። አላወቅሁም» አላቸው። «አውቃለሁ፣ ኮል። አንተ የታሪክ ሰው አይደለህም» አሉት። ኪትን ሳያዩ ነበር ይህን ያሉት።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ውጤቱ መጣ። ዊሎው ሪፍ በጽዳት ሦስተኛ እንኳ አልወጣችም። ግን ልዩ ሽልማት ተሰጣት። ለምን ብትሉ፣ ለአካባቢ ታሪክ አጠባበቅ! ከተማዋ የአንድ የወርቅ ፈላጊ ቤተሰብ ሕፃን መቃብር በአደባባይዋ መሐል አስከብራ በመያዟ! ይህን ስሰማ የምስቅበትም የማለቅስበትም ጠፋኝ፤ ምድጃ ውስጥ ያለው ዳቦ ሁሉ አረረብኝ። ኪትም ከረባት አስሮ ሽልማቱን ሊቀበል ሄደ። ሄደ እኮ! ያፈረ ሰው ቤቱ ይቀመጣል ብዬ ነበር።

ኢኒድ ግን አልቀሩም። እሑድ እሑድ ወንበራቸውን እያስያዙኝ ይመጣሉ። ሰዉም በዚያ ሲያልፍ የውሻውን ገመድ ያሳጥራል፤ ሲጋራውን ያጠፋል። ኪት በጎን በር መግባት ጀመረ። ከሱቁ ወደ ማዘጋጃ ቤት ለመሄድ አደባባዩን ዞሮ ይሄዳል። እሰይ እል ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት ኢኒድ በተኙበት አረፉ። ማዘጋጃ ቤቱ በአበባ መደብ ውስጥ የሰው አመድ ማኖር ክልክል ነው አለኝ። «ልጁን ስታስገቡት ክልክል አልነበረም?» አልኳቸው። በጠራራ ፀሐይ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ አካፋዬን ይዤ ሄድኩ። የሚያስቆመኝ ካለ ይሞክረኝ ብዬ ነበር፤ ማንም አልሞከረኝም። ኮል መጥቶ አብሮኝ ቆፈረ። ከራስጌው ድንጋይ በስተቀኝ አመዳቸውን አኖርን። ግን የድንጋዩ ክብ ለሕፃን ልክ የተሠራ ነው፤ ለሁለት አልበቃም። እናትየው ከድንጋዩ ውጪ ቀሩ።

የእጅ ጋሪ ጎማ ሲንጫጫ ሰማሁ። ኪት ነው። ጋሪው ሙሉ ነጭ ድንጋይ ነው።

ደሜ ፈላ። «ደግሞ የማንን መቃብር አፍርሰህ መጣህ?»

«የግቢዬ ነው» አለ። «ደጄ ላይ ያለው የአባቴ ድርድር። እሱ ራሱ ነው የደረደረው። ነቅዬ አመጣሁት።»

ድንጋዮቹን አየኋቸው። ኖራ አልነካቸውም። የአባቱን ሥራ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚጠብቀው፤ ልጆች እንኳ አያስቀምጥበትም ነበር። አልራራሁለትም። ግን ጋሪውን ከእጁ ተቀበልኩ። ሦስታችንም ተንበርክከን ክቡን አሰፋነው። ሲያበቃ ኪት ከኪሱ ቁልፍ አውጥቶ ከጎድጓዳው ድንጋይ ላይ ኖራውን ይፍቅ ጀመር። ብዙ ፋቀ። ቀዩ መስመር ከዳር እስከ ዳር ወጣ።

«ቤሪል» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ስሙ ማን ነበር?»

ሽልማት የተቀበለበትን ልጅ! ያን ሁሉ ጊዜ፣ እሱም፣ ዳኛውም፣ ባርኔጣ ያወለቀው ከተማ ሁሉ፣ ስሙን የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። እናቱ በየእሑዱ እዚያ ተቀምጠው ነበር፤ መጠየቅ ይቻል ነበር።

«ሌስሊ» አልኩት። «ሌስሊ ትሬምባዝ። እሳቸውን ነበር መጠየቅ ያለብህ።»

ኪት መፋቁን አቆመ። እኔ ይዤው ከመጣሁት የኢኒድ ቦርሳ ጠርሙሷን አውጥቼ ድንጋዩ ላይ ውኃ አደረግሁ።