እናቴን ሟች አትበዪብኝ

የሰው የሕይወት ታሪክ በመጻፍ ሶዶ ውስጥ ጦይባን የሚያህል አልነበረም። ሰውየው ይሙት እንጂ ቀሪው የእሷ ሥራ ነው። ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ባለችው የቆርቆሮ ሱቋ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና አንድ የደንበኛ በርጩማ ነበራት፤ ዘመድ የሞተበት ክርስቲያን ሁሉ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደዚያች በርጩማ ነው። ቀብር ላይ ያ ወረቀት ካልተነበበ ሰውየው በወግ የተሸኘ አይመስልም። የት እንደተወለደ፣ ምን እንደሠራ፣ ማንን እንደወለደ በድምፅ ማጉያ ይነገራል፣ ከዚያ አፈር ይለብሳል።

የሚገርመው፣ ጦይባ ራሷ የስልጤ ልጅ ናት። በእነሱ ቤት ሰው ሲሞት ይገነዛል፣ ይሰገድበታል፣ በዕለቱ ይቀበራል፤ ወረቀት የሚያነብ የለም። ለዚህም ይሆናል መጀመሪያ ሰሞን የሰዎቹን ታሪክ ስትተይብ እንባዋ ኪቦርዱ ላይ ይንጠባጠብ የነበረው። ቆየት ሲል ግን ለመደችው። ሰው ምን ይለያየዋል? ሁሉም ደግ፣ ሁሉም እንግዳ ተቀባይ፣ ሁሉም «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። ስለዚህ አዲስ ለቅሶ ሲመጣ የአንዱን የቀድሞ ሟች ፋይል ትገለብጥና ስሙን፣ አገሩን፣ የልጆቹን ነገር ትለውጣለች፤ በቃ።

ወንድሟ ቡርሃን የጫነላት ቀለል ያለ የጽሑፍ ፕሮግራም ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነበር። የምትፈልገውን ቃል ላይኛው ሳጥን፣ የምትተካበትን ታችኛው ሳጥን ውስጥ ትጽፍና «ሪፕሌስ ኦል» ማለት ነው፤ ዓይን ሳይርገበገብ ቃሉ ካለበት ሁሉ ተለቅሞ ይለወጣል። ለሙት ዓመት ወረቀት የሚመጡ ስላሉ የድሮዎቹን ፋይሎች አታጠፋም። ጠዋት ፕሮግራሙን ስትከፍት የከተማው ሙታን ተርታቸውን ይዘው ስክሪኑ አናት ላይ ይከፈቱላታል፣ እሷም ሻይዋን እየጠጣች ትጠብቃቸዋለች።

ሚሊኒየሙ በተከበረ በዓመቱ፣ መብራት በፈረቃ በሆነበት ሰሞን፣ አብርሃም መጣ። ከበዴሳ በቆሎ በአይሱዙ እያመጣ የሚያከፋፍል ነጋዴ ነው። በርጩማው ላይ አልተቀመጠም፤ የመኪናውን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ቆመ።

«የእናቴን ታሪክ እንድትጽፊልኝ ነው። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ።»

«ነፍስ ይማር። መቼ ነው…»

«ኧረ አልሞተም!» ድንጋጤው የሶዶ አማርኛውን ቀላቅሎበት እናቱን ወንድ አደረጋት። «ተኝታለች እንጂ አልሞተችም። ሐኪሙ ግን ፊቱ ደስ አይልም። እኔ መንገድ ላይ ነው የምውለው፤ መብራቱን ደግሞ እያየሽው ነው። አንድ ነገር ቢፈጠር የት እሮጣለሁ? ተጽፎ ይቀመጥልኝ።»

እንዲህ ዓይነት ትዕዛዝ ገጥሟት አያውቅም። ሆኖም ሰው ለሠርጉ ቀድሞ ይዘጋጅ የለ፣ ለዚህስ ቢዘጋጅ ማን ይከለክለዋል ብላ እጇን ኪቦርዱ ላይ አደረገች።

«እሺ፣ የት ተወለዱ?»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። «እዚሁ አካባቢ መሰለኝ።»

«ምን ይሠሩ ነበር?»

«እናቴ ናት እኮ ጦይባ! እናት ምን ታሪክ አላት? ለሌላው የምትጽፊውን ጻፊላት።» ሊወጣ ሲል ተመለሰና ስክሪኑን አየት አደረገ። «አንድ ነገር ብቻ። ይሄ ‹ሟች፣ ሟች› የሚለው እንዳይገባባት። እየተነፈሰች እናቴን ሟች አትበዪብኝ። በስሟ ጥሪያት።»

ከዚህ የቀለለ ልመና የለም። አምና ያረፉትን የበዴሳዋን የወይዘሮ ባሎቴን ፋይል ገለበጠች፣ ርዕሱ ላይ ያለውን ስም በእጇ ለወጠች። ከዚያ ላይኛው ሳጥን ውስጥ «ሟች»፣ ታችኛው ውስጥ «ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ» ብላ ጻፈች። መብራት የሚሄድበት ሰዓት እየደረሰ ነበርና እጇ ቸኮለ፤ «በዚህ ፋይል» የሚለውን ልጫን ስትል ከሥሩ ያለውን «በተከፈቱት ፋይሎች ሁሉ» የሚለውን ተጫነች። ኮምፒውተሩ ትንሽ አቃሰተ። እሷ ልብ አላለችም፤ ሁሉንም ሴቭ አደረገች፣ የአብርሃምን ወረቀት አተመች፣ ሰጠችው። ወዲያው መብራት ሄደና ሱቋን ዘጋች።

በሳምንቱ የአብርሃም ሚስት እየሩስ መጣች። የአርባ ምንጭ ልጅ ናት፣ ካገባች ብዙ አልቆየችም። ትዕዛዝም አልነበራት፤ በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ እጇን ታሽ ጀመር።

«አንቺ የዚህን ከተማ ሰው ታሪክ ሁሉ ታውቂያለሽ ይላሉ። አማቴ ሸማኔ ነበሩ እንዴ?»

«ሴት ሸማኔ? ኧረ እኔ ሰምቼ አላውቅም።»

«መወርወሪያዬን ማን ወሰደው ብለው ቤቱን አስፈተሹኝ። ተኝተው እግራቸውን ያፈራርቃሉ፣ ልክ ጉድጓድ ገብቶ እንደሚሸምን ሰው።» እየሩስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ትናንት ደግሞ ሲያለቅሱ ዋሉ። ዲምቱ ገበያ ስንሄድ ልጄን ብላቴ ወሰደብኝ ይላሉ። አብርሃም ብቸኛ ልጃቸው ነው። ወንዝ የወሰደው ልጅ የላቸውም።»

ጦይባ ሸማኔውንም ታውቃቸዋለች፣ በብላቴ ልጃቸው የሞተባቸውንም ሴትዮ ታውቃቸዋለች። ሁለቱንም በገዛ ጣቷ ጽፋለች። ወደ ኮምፒውተሩ ዞራ የሸማኔውን የአቶ ኤርካሎን ፋይል ከፈተች። ርዕሱ አልተነካም። ከሥሩ ግን «ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከወጣትነታቸው ጀምሮ በሽመና ሥራ ተሰማርተው» ይላል። የዲምቱዋን ሴት ከፈተች፤ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ልጃቸውን በወንዝ ሙላት አጡ። የሁምቦውን ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያኑን ዘበኛ፣ በወሊድ የሞተችውን ልጅ ከፈተች። የሁሉም ሕይወት ለአንዲት በሕይወት ላለች ሴት ተሰጥቷል።

«ቢስሚላህ» አለችና ተነሳች። «ቤት ውሰጂኝ።»

ቤቱ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ነው፣ ጉሙ እስከ በሩ ወርዶ ነበር። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ በትራስ ተደግፈው አገኘቻቸው። «ሳሮ፣ ልጄ» አሉና በወላይትኛ ደኅንነቷን ጠየቁ። ፊታቸው ደኅና ነው። ጦይባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ልጅዎን ብላቴ ሲወስደው…» ብላ ጀመረች።

«ቀይ ሹራብ ለብሶ ነበር» አሉ አሮጊቷ። «ይበርደዋል ብዬ ያለበስኩት እኔው ነኝ። ውሃ ጠጥቶ ከብዶ ያሰጠመው ሹራቡ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።»

ስለ ሹራብ የጻፈችው ነገር የለም። ከዲምቱ የመጡት ልጆችም አልነገሯትም፤ ሊነግሯትም አይችሉም ነበር፣ አያውቁማ። ጦይባ ደንግጣ ስትነሳ አሮጊቷ በወፍራም ድምፅ «አንቺ ልጅ፣ ድሩን ረገጥሽው!» ብለው ጮኹባት። ወለሉ ላይ ምንም የለም። ጦይባ ግን እግሯን አነሳች።

በዚህ መሐል አብርሃም ገባ። እናቱ እንደማያውቁት ሰው ከላይ እስከ ታች አዩት። ወዲያው ግን ዓይናቸው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ አለ። «አብርሃም፣ ከነጭቃህ ነው የገባኸው? ምሳስ በላህ?» አሉ። አብርሃም «እማዬ!» ብሎ ተንበረከከ። እጃቸውን ሳይዝ ግን ዓይናቸው ተመልሶ ፈዘዘ፣ እግራቸውም ከብርድ ልብሱ ሥር መፈራረቅ ጀመረ። ጎልማሳው ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ጦይባ ያደረገችውን አንድ ሳትደብቅ ነገረችው። አልሳቀባትም፣ አልተቆጣትምም።

«እዚያ ውስጥ አለች» አለ። «አሁን አይተሻታል። አውጪልኝ።»

በማግስቱ መብራት ሲመጣ አብርሃም በርጩማው ላይ ነበር፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ፤ ወዲያ ማዶ እየሩስ አልጋው አጠገብ ሆና ትነግረዋለች። ጦይባ ላይኛው ሳጥን ውስጥ «ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ»፣ ታችኛው ውስጥ «ሟች» ብላ ጻፈች። ጣቷ «በተከፈቱት ፋይሎች ሁሉ» ላይ ደርሶ ልትጫን ስትል ደርቃ ቀረች። ከተከፈቱት መሐል የራሳቸው የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ፋይል አለ። አንዴ ብትጫን እሳቸውም ሟች ይሆናሉ።

«ምን ሆንሽ?» አለ አብርሃም።

«ምንም» አለች። በአንድ ጊዜ የሚለውጥ ነገር ሁለተኛ አልነካም ብላ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው መመለስ ያዘች። የአቶ ኤርካሎን ፋይል አስተካክላ ሴቭ ስታደርግ እየሩስ በስልኩ «እግራቸው ቆመ!» አለች። የዲምቱዋን ስታስተካክል «ምን ሆኜ ነው የማለቅሰው አሉና እንባቸውን ጠረጉ» አለች። ሙታኑ አንድ በአንድ ከአሮጊቷ እየወጡ ወደየቦታቸው ገቡ፤ ጦይባ እያንዳንዱን ስትሸኝ በልቧ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ስትተይባቸው ከለመደቻቸው ወዲህ ለእነዚህ ሰዎች ስታዝን ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

በመጨረሻ የራሳቸው ፋይል ብቻ ቀረ። አብርሃም ተጠግቶ አነበበው። «በዴሳ ተወለዱ? ጤፍ ነገዱ? ይሄ ማነው?»

«ወይዘሮ ባሎቴ ናቸው። የሳቸውን ገልብጬ ነው የጻፍኩት። ለሌላው የምትጽፊውን ጻፊ አልከኝ።»

«አጥፊው። ይሄ እናቴ አይደለችም።»

«አብርሃም፣ ይሄ ከጠፋ ምን ይቀራል?»

«እናቴ ትቀራለቻ!»

እውነቱን ነው ብላ አሰበች፤ ወይም ለማሰብ ደክሟታል። ጽሑፉን አጠፋችው። ነጩ ስክሪን ላይ ስማቸው ብቻ ቀረ። በስልኩ ውስጥ እየሩስ በደስታ ጮኸች። «ብድግ ብለው ተቀመጡ! እየሳቁልኝ ነው!» አብርሃም ስልኩን ሳይዘጋ ወደ መኪናው ሮጠ፣ ጦይባም ተከተለችው።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ እግራቸውን ወደ ወለሉ አውርደው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው ላይ የነበረው መጨማደድ ሁሉ ጠፍቷል፤ እንዲያ ያለ ሰላማዊ ፊት ጦይባ በሕያው ሰው ላይ አይታ አታውቅም፣ ስላየችውም ፈራች። «ሳሮ፣ ግቡ» አሉ ሁሉንም። ለልጃቸው ወንበር አሳዩ። «ይቀመጡ፣ ቆመው ቀሩ እኮ።»

«እማዬ፣ እኔ ነኝ።»

በትሕትና ፈገግ አሉ።

ጦይባ ያኔ ነገሩ ገባት። የሌላው ሰው ሁሉ ሕይወት ወደ ባለቤቱ ተመልሷል። የእሳቸው ግን የሚመለስበት ጽሑፍ የለም፤ ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልነገራትም፣ እሷም አልጻፈችውም። የአብርሃምን ክንድ ያዘች። «ንገራቸው» አለችው በሹክሹክታ። «የምታውቀውን ሁሉ ንገራቸው፣ እኔ እጽፈዋለሁ። ቶሎ በል።»

አብርሃም ወንበሩን ወደ አልጋው አስጠጋ። «እናቴ» ብሎ ጀመረ። «እናቴ… መኪናዬ እስኪመጣ በሩን አትዘጋም። ቦይና ጎደሬ ስትቀቅል መሐል መሐሉን ለእኔ አድርጋ ጫፍ ጫፉን እሷ ነበር የምትበላው፤ እሱ ነው የሚጥመኝ ትለኝ ነበር፣ አምኛትም ነበር። ወባ ይዞኝ ከሁምቦ እስከ ሶዶ ሐኪም ቤት በጀርባዋ አዝላ አምጥታኛለች። ስዘፍን ትስቅብኛለች። ስሜን ስትጠራ መጨረሻውን ትጎትተዋለች… ከዚያ በፊት… እኔ ሳልወለድ በፊት የሆነውን አላውቅም። አልጠየቅኳትም።»

አሮጊቷ እጃቸውን ጉንጫቸው ላይ አድርገው አንድ ቃል ሳያመልጣቸው ሰምተውታል። ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ወረደም። አብርሃም እንባውን ሲያይ አወቀችኝ ብሎ ከወንበሩ ብድግ አለ። እናቱ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት፣ አጥብቀው፣ ለቅሶ ደራሽ ሐዘንተኛን እንደሚይዝ።

«ደግ ሴት ነበሩ ማለት ነው፣ እናትዎ» አሉት። «እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። መቼ ነው ያረፉት?»