ሦስቱ ወለተ ማርያሞች

ያቺን ቁልፍ የሠራኋት እኔ ነኝ፤ በማንም አላሳብብም።

በ2008 ዓ.ም. ለዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና የሚሄዱትን ሰዎች በኢንተርኔት በሚከፈት ሰንጠረዥ እንመዘግብ ነበር። ከላይ ከተደረደሩት ቁልፎች ጎን የራሴን አንድ ጨመርኩ፤ «ድጋሚ አጥፋ» የምትል። ስትጫን ትእዛዙ ወደ እኔ ኮድ ይመጣል፤ ኮዱም በአንድ ቀበሌ የተደጋገመውን ስም አንዱን አስቀርቶ ሌላውን ይሰርዛል። እንዴት ኮርቼባት ነበር!

በጉዞው ጠዋት መዝጋቢያችን አሰጋሽ እየሮጠች መጣች። «ቅጣው፣ ሦስት እናቶች ተመዝግበናል ብለው በር ላይ ቆመዋል። እኔ ያለኝ አንድ ስም ብቻ ነው።»

«ማን ይባላሉ?»

«ወለተ ማርያም። ሦስቱም!»

ክው አልኩ። ለበሽተኛ ሲጸለይ የሚጠራው የክርስትና ስም ነው። የአባት ስም አይከተለውም። እናቶቻችን ለሐኪምም ያንኑ ሰጥተዋል። የመንዝ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ!

«መልስ» የሚለውን ቁልፍ ተጫንኩ። ምንም የለም። ደገምኩት። ሰንጠረዡ የሚመልሰው በራሱ ቁልፎች የተሠራውን ብቻ ነው፤ የእኔን ትእዛዝ እንዲያስታውስ መቼ አዘዝኩት? በእጄ እንዳልጽፋቸው፣ ትርፍ የመሰለው ቦታ ትናንት ለሞላሌ ሰዎች ተሰጥቷል። እነሱም ተሳፍረዋል። አውቶቡሱ ሞተሩን አስነሥቷል፣ ሐኪሞቹም ከነገ በኋላ የሉም።

ወጣሁና «ጥፋቱ የእኔ ነው። የቀረው አንድ ወንበር ነው» አልኩ።

«ቅጣው?» አለች ከሦስቱ አንዷ።

እናቴ ናት። ገጠር እህቴ ዘንድ ነው የምትኖረው፤ መመዝገቧን አልሰማሁም።

«ዕጣ ይውጣ» አሉ ሁለተኛዋ፣ በዓለም ስማቸው ወይዘሮ ጥሩሸዋ የተባሉት። «ልጄ፣ አንተ አውጣልን።»

የማን የቱ እንደሆነ እንዳላይ ጀርባዬን ሰጠሁ። አሰጋሽ ከእናቶቹ የዕጣ ምልክት ሰብስባ መዳፏን ዘረጋችልኝ። አንድ ጠጠር፣ አንድ ስንጥር።

«የሦስተኛዋስ?»

«እኔ አልሰጠሁም» አለች እናቴ። «ያጠፋው የእኔ ልጅ አይደል?»

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ጠጠሩን አነሣሁ። የወይዘሮ ጥሩሸዋ ነበር። ስንጥሩን የሰጡት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

አውቶቡሱ ሲሄድ እናቴ ፊቴን በእጇ ዳበሰች።

«ከስተሃል» አለችኝ።