የኔስታኒ ቀኝ እግር

አሮጊቷ ኔስታኒ ዕድሜ ልኳን የኮራችው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእግሯ። እግሩ ለዓይን የሚያኮራ ሆኖ እንዳይመስላችሁ። ጣቶቹ ጠማማ፣ ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ ከጉልበት በታች ሰማያዊ ሥር እንደ ሐረግ የተጠመጠመበት ነው። ግን እግረ እርጥብ ነበረች። ጉሪያ በሚባለው ኮረብታማ አገር ባለችው በዚያች መንደር፣ በአዲስ ዓመት ጠዋት መጀመሪያ ደጃፍ የረገጠ ሰው የዓመቱን ዕድል ይዞ ይገባል፤ በቀኝ እግሩ ከገባ መልካሙን፣ በግራው ከገባ ክፉውን። እሱ ሳይገባ ከቤተሰቡ ማንም ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ሰው እግር ይመርጣል፣ አስቀድሞም ይለምናል። በየዓመቱ የመጀመሪያው በረዶ ሳይወርድ ጎረቤቱ ሁሉ በአጥሩ ላይ አንገቱን እያሰገገ «እማማ ኔስታኒ፣ ዘንድሮም እኛ ጋ ነዎት አይደል?» ይላታል። እሷም እንደ ሚኒስትር ጎርነን ብላ «እስቲ አያለሁ» ትላለች።

ዘንድሮ በረዶው ወረደ፣ ቀለጠ፣ ደግሞም ወረደ። በአጥሩ ላይ ከቁራ በቀር ብቅ ያለ የለም።

ይህን ያመጣችው ጉሊኮ ናት፤ አጥር ለአጥር የምትጎራበታት፣ ምላሷ ከራሷ ቀድሞ የሚነቃ ሴት። አምና የጉሊኮን ደጃፍ የረገጠችው ኔስታኒ ነበረች። በዚያው ዓመት የጉሊኮ ላም ገደል ገባች፣ ወይኗም ኮምጣጤ ሆነ። ጉሊኮ በምንጩ ዳር አወራች፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ አወራች፣ አልበቃ ብሏት ለቅሶ ቤት ሬሳ በተኛበት «ኔስታኒ እኮ እግረ ደረቅ ሆናለች፤ ገብታ ቤቴን አደረቀችው» ብላ አወራች። ሟቹም ወሬውን ሰምቶ ሳይሄድ አልቀረም።

ከሁሉ የባሰው ግን ከገዛ ማድቤቷ መጣ። የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ከእንጨት ተልጦ የተሠራው፣ ልጣጩ እንደ ነጭ ጢም የተንዠረገገ የበዓል ዛፍ ጥግ ላይ ቆሟል፣ ማሩ ምድጃ ላይ ይንተከተካል፣ ኔስታኒ ለበዓሉ የማር ጣፋጭ የሚሆነውን ቅርፊተ ጠንካራ ለውዝ በመዶሻ ትሰብራለች። ምራቷ ኢንጋ ጉሮሮዋን ጠራረገች።

«እማማ፣ አይቆጡና አንድ ነገር ልንገርዎት።»

«አይቆጡና ከተባልኩማ መቆጣቴ አይቀርም። በይ ተናገሪ።»

«ነገ ጠዋት ባድሪ ቢገባልን ብዬ ነገርኩት። ባለ ሱቁ ባድሪ። ለዘንድሮ ብቻ ነው! ላማችን ልትወልድ ነው፣ ልጅዎ አዲስ ሥራ ሊጀምር ነው። እኔ እንኳ አላምንበትም፣ ግን ሰው እንዲያው...»

በዚያ ቤት ለዓመታት፣ በኋላ በር ወጥታ በፊት በር እየገባች የዓመቱን ዕድል የምታስገባው ኔስታኒ ራሷ ነበረች። መዶሻውን አነሳችና አንዱን ለውዝ እስከ ቅርፊቱ ዱቄት አደረገችው። ለውዙ የጉሊኮን የፊት ጥርስ ይመስላት ነበር።

ኢንጋ እንጨት ልታመጣ ስትወጣ፣ ኔስታኒ ማሩ ውስጥ ጣቷን ልትነክር የተዘጋጀችውን የልጅ ልጇን ቴኦናን በጆሮዋ ያዘቻት።

«መጮህ ትችያለሽ?»

«አያቴ፣ አስተማሪዎቹ በሙሉ ይመሰክሩልኛል።»

«ነገ ጠዋት በረንዳ ላይ ቆመሽ "አያቴ ወደቀች" ብለሽ ትጮሂያለሽ። ወደ ጉሊኮ ቤት ዞረሽ። ባድሪ ሳይመጣ።»

ቴኦና ዓይኗ በራ። «መጀመሪያ የምትገባው ጉሊኮ እንድትሆን? ለምን? እሷ ዕድል ታመጣልናለች?»

«ምን አገባኝ ለዕድሉ! እሷ ትርገጠው እንጂ። ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት ዶሮ እንቁላል ብትከለክል በማን እግር ነው? እኔ ባስነጥስ በማን እግር ነው? እኔም አፍ አለኝ። እኔም ለቅሶ ቤት እሄዳለሁ።»

«አያቴ፣ አንቺ እኮ ክፉ ነሽ» አለች ቴኦና በአድናቆት። «ግን ጆሮዬን ሁለተኛ ቀዳዳ ካስበሳሽኝ ነው።»

«ከፈለግሽ አፍንጫሽንም። ጩኺልኝ ብቻ።»

በማግስቱ ጠዋት ቴኦና ጮኸች። ጩኸቱ የባድሪን ውሻ እንኳ ከጎጆው አስወጣው። ጉሊኮ ከቤቷ ተፈናጥራ ወጣች፤ አንድ እግሯ ጫማ፣ ሌላው ካልሲ ብቻ፣ ራሷ ላይ የፀጉር መጠቅለያ እንደተሰካ። በረዶውን እየጣሰች፣ በአጥሩ ክፍተት ሾልካ፣ «ኔስታኒ! አንቺ ሴትዮ! እንዳትሞቺብኝ!» እያለች ደረጃውን ወጣች፣ ደጃፉን ዘለለች፣ ገባች።

ኔስታኒ ጠረጴዛው ራስ ላይ ጥቁር ሻሿን አሥራ፣ በማር የተሠራውን ጣፋጭ በሳህን ይዛ ተቀምጣለች።

«እንኳን አደረሰሽ፣ የእኔ ጉሊኮ» አለች። «እግርሽ የለመለመ ይሁን። ዘንድሮ የቤታችን ዕድል አንቺ ነሽ።»

ጉሊኮ ወደ ታች አየች። ካልሲዋ ምንጣፉ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። ፊቷ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ፣ በመጨረሻ ስሙ የማይታወቅ ቀለም ያዘ። ኢንጋ በማድቤቱ በር ቆማ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያን ጊዜ ባድሪ የልማዱን ወይንና ፍራፍሬ በትሪ ተሸክሞ፣ ሆዱን አስቀድሞ ደረሰ።

«ዘገየህ፣ ባድሪዬ» አለችው ኔስታኒ። «ጉሊኮ ቀደመችህ። ለሰው ሁሉ ንገር። ጉሊኮ ናት የገባችልን።»

ያቺ አንድ ካልሲ፣ እውነት ለመናገር፣ ኔስታኒን ጥቂት ከነከነቻት። ጫማ ሳታጠልቅ ነው የሮጠችልኝ፣ አለች በልቧ። ግን ለቅሶ ቤቱን አስታወሰችና ከንካኙን እንደ ለውዝ ቅርፊት ተፋችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሊኮ እንቅልፍ አጣች። ኔስታኒ በአጥሩ አጠገብ አንዴ ካሳለች፣ ጉሊኮ የእንጆሪ ማርማላታና ትኩስ ሻይ ይዛ ከች ነው። የኔስታኒን የዶሮ ቤት በላስቲክ ሸፈነች። የላላውን የጣሪያ ቆርቆሮ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ መሰላል ላይ ወጥታ በሚስማር መታች። ኒሻ የምትባለውን እርጉዝ ላም ጠዋት ማታ እየመጣች ሆዷን ትዳብሳለች፤ ላሟ ራሷ ግራ ገብቷት ዞር ብላ ታያታለች።

«ምን ሆነሻል ጉሊኮ፣ ላሜን አፈቀርሻት?» ትላለች ኔስታኒ በረንዳ ላይ ተቀምጣ መንደሪን እየላጠች።

«ጎረቤት ነኝ። አይቻልም?»

«ይቻላል፣ ይቻላል። ኧህ! ኧህ! ዛሬ ደረቴን ምን እንደነካኝ እንጃ።»

«ሻይ ላምጣልሽ?»

«ወፍራም ማር አድርጊበት።»

ኢንጋ አንድ ማታ እራት ላይ «እማማ፣ አሁንስ አይበቃም? ሴትዮዋ ከሳች እኮ» ብትላት፣ ኔስታኒ የበቆሎ ቂጣዋን አይብ ውስጥ እያጠቀሰች «ምንጩ ዳር ለተናገረችው ገና አልተከፈለኝም፤ ይሄ የቤተ ክርስቲያን ደጁ ብቻ ነው» አለች።

ምክንያቱም ሻዩ ጥሩ ነው፣ ጣሪያውም አያፈስም፣ ግን አጥሩ ላይ አሁንም ቁራ ብቻ ነው። ገና ካለፈ በኋላ በአሮጌው አቆጣጠር እንደገና አዲስ ዓመት ይከበራል፤ መንደሩ ያን ቀንም እግር ያስገባል። ያም እንዲሁ ካለፈ ኔስታኒ እግረ ደረቅ እንደተባለች መቃብር መውረዷ ነው። ጉሊኮን ማድከሙ ሳይሆን፣ ያወራው አፍ ራሱ ወሬውን እንዲውጠው ነው የፈለገችው።

የገና ዕለት ጎህ ሲቀድ፣ ኢንጋ እንቁላል የተሞላውን የበዓል ዳቦ ከምድጃ ስታወጣ፣ ኔስታኒና ቴኦና ኒሻን ቀስ ብለው አወጧትና ሰው ወደማይደርስበት ወደ ተዘጋው የሻይ ፋብሪካ ወሰዷት። ቴኦና ከነድርቆሹ እዚያ ቀረች። ኔስታኒ ተመልሳ በገደሉ በኩል ያለውን የአጥር በር ወለል አድርጋ ከፈተችና፣ ሻሿን አስተካክላ ቅዳሴ ሄደች። ሻማም አበራች። ለማን እንደሆነ እግዜር ያውቃል።

ከቅዳሴ ሰው በአንድነት ሲመለስ፣ ኔስታኒ ግቢዋ ገባችና ጩኸቷን ለቀቀችው።

«ኒሻ! ኒሻዬ! ላሜ ገደል ገባች! ወይኔ ልጄን!»

መንደሩ በሙሉ ከነበዓል ልብሱ ግቢውን ሞላው። ባድሪ ገደሉ አፍ ድረስ ሄዶ ወደ ታች አጮለቀ፤ ከጉም በቀር የሚታይ የለም። ኔስታኒ በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን ትመታለች።

«በዚህ ቤት ስንት ዓመት ሲገባ ሲወጣ እንዲህ ያለ ነገር አይተናል? አላየንም! ዘንድሮ ማን ነበር የገባው? ማን ነበር ባድሪ? አንተ አይተሃል!»

ባድሪ ወደ ጉሊኮ አየ። ሰው ሁሉ ወደ ጉሊኮ እግር አየ። አንዲት ሴት ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ከጉሊኮ ራቅ አለች።

«እግሬን ተዉት!» ብላ ጮኸች ጉሊኮ። «ምን አደረገ እግሬ? በሩን አታዩትም? ክፍት ነው! ላም ክፍት በር ካየች ትወጣለች፣ ሲያዳልጣት ትወድቃለች! እግር ምን አገባው?»

ኔስታኒ ማልቀሷን በአንዴ አቆመች። ከበረዶው ተነሳችና ቀሚሷን አራገፈች።

«እህ» አለች። «ያንቺስ ላም አምና? በተዘጋ በር ላይ ዘላ ነው ገደል የገባችው?»

ጉሊኮ ወደ ክፍቱ በር አየች። ላምን እግር ይገድላል ካለች፣ አሁን በሰው ሁሉ ፊት ገዳይዋ እሷ ናት። በር ነው ካለች ደግሞ...

«ክፍት ነበር» አለች በሹክሹክታ።

«አልሰማሁም። ጆሮዬም እንደ እግሬ ደርቋል።»

«ክፍት ነበር አልኩሽ! እኔ ነኝ ሳልዘጋው የተኛሁት!»

«ወይኑስ?»

«ጋኑን በደንብ አላጠብኩትም! ደስ አለሽ?»

«ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?» አለች ኔስታኒ። «ለእነሱ ንገሪ። ምንጩ ጋ የነበሩትም፣ ለቅሶው ላይ የነበሩትም ሁሉም እዚህ አሉ።»

ጉሊኮ ዞራ ነገረቻቸው። ድምፅዋ እንደዚያ ቀን ካልሲዋ ረጥቦ ነበር። ባድሪ ኮፍያውን አወለቀ፣ ለምን እንዳወለቀው ግን እሱም አላወቀም።

ያኔ ከመንገዱ «እምቧ» የሚል ድምፅ መጣ። ቴኦና ኒሻን በገመድ እየጎተተች፣ ፀጉሯ ላይ ድርቆሽ እንደተሰካ፣ «አገኘኋት! ተአምር ነው! የገና ተአምር!» እያለች ገባች። ጉሊኮ ድርቆሹን አየች፣ ላሟን አየች፣ ኔስታኒን አየች። ሁሉም ገባት። ግን ተናግራ ጨርሳለች፤ የተናገረችውም እውነት ነው።

በማግስቱ አጥሩ ላይ ቁራ የሚያርፍበት ቦታ ጠፋ። መጀመሪያ ባድሪ መጣ።

«እማማ ኔስታኒ፣ ለአሮጌው አዲስ ዓመት እኛ ጋ ቢገቡልን...»

«እስቲ አያለሁ» አለች ኔስታኒ፣ አፏ ማር ማር እያላት። ኢንጋም በመስኮት «እማማ፣ መጀመሪያ የራሳችንን!» ብላ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ ተራውን ይዞ ከሄደ በኋላ ጉሊኮ መጣች። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ቆመች።

«አዲስ ላም ገዝቻለሁ። ከሌላ እግር ያንቺ ይሻለኛል።»

«ማን አለ?»

«እኔ አልኩ። ጉሊኮ አለች። በቃ?»

ኔስታኒ ጀርባዋን ሰጥታት ገባች። ቀኑ ሲደርስ ግን ሄደች፤ ሁሉንም ቤት አዳርሳ፣ ጉሊኮን እስከ ረፋድ ከቤት ሳትወጣ፣ እንጨት እንኳ ሳታስገባ በብርድ ካስጠበቀቻት በኋላ። በሩ ተበርግዷል። ወለሉ ታጥቦ ያብረቀርቃል፣ አዲስ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ኔስታኒ በረት የምትገባበትን ቦቲ አላወለቀችም። ደጃፉ ላይ ደረሰች፣ መቃኑን በአንድ እጇ ያዘች፣ አንድ እግሯን አነሳች፣ ቆመች። የበረዶ ነፋስ በአጠገቧ እያለፈ ወደ ቤቱ ይገባል።

«ግቢ እንጂ!» አለች ጉሊኮ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ።

ኔስታኒ ያነሳችውን እግር አወረደችና ሌላውን አነሳች። ግራውን።

«እርጅና እኮ ነው ጉሊኮዬ» አለች ኔስታኒ። «የቱ ነበር? ቀኙ ነው ግራው?»

«ቀኙ ነው! ኔስታኒ፣ በእናትሽ! ቀኙ ነው!»

«እንዲያ?» አለች ኔስታኒ። ግራውን እግር እንዳንጠለጠለች ወደ አዲሷ ላም በረት፣ ወደ ሰማዩ፣ ወደ ምንጩ መንገድ እያየች፣ ምንም ሳትቸኩል ቆየች።